«ናሙናሽ ስንት ነው?» ተብላ ለተጠየቀችው የታሪክ ተማሪ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ተወለድኩባት ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ገበያዋ እንዴት አደገ? ነጋዴዎቹ ከየት መጡ? ቀረጡን ማን ይሰበስብ ነበር? የማጠናው ይህን ነው። ሽማግሌዎችንና እናቶችን አነጋግራለሁ። የድሮ የግብር ደረሰኞችና የማዘጋጃ ቤት ፋይሎችም አግኝቻለሁ። ባለፈው ወር ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ ፈታኝ ‹መላምትሽ የታለ? ናሙናሽ ስንት ነው? በምን ሶፍትዌር ነው የምትተነትኚው?› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አብራኝ የምታድረው የኬሚስትሪ ተማሪ ደግሞ ‹የናንተ እኮ ወሬ መልቀም እንጂ ሪሰርች አይደለም› ትለኛለች። አማካሪዬን ብጠይቃቸው ‹እንደሚመችሽ› አሉኝ። አሁን ለ200 ሰው መጠይቅ በትኜ በኤስፒኤስኤስ (ቁጥር በሚተነትነው ሶፍትዌር) ልተንትነው እያልኩ ነው። ወይስ ርዕሴን ልቀይር? ምን ይመክሩኛል? ስሜ ይቆይ።»

መልሱ

ውድ እህቴ፣

ርዕስሽን አትቀይሪ። መጠይቁንም አትበትኚ። ጭንቀትሽ ከደብዳቤሽ ስለሚነበብ መልሱን ከፊት አስቀደምኩት። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። ምክንያቱን በደንብ ካልያዝሽው ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጥያቄ ያነሳና ያው ዝም ትያለሽ።

አንቺን ዝም ያሰኘሽ ነገር ብዙ ተማሪዎችን ዝም ያሰኛል። በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት የፕሮፖዛል ቅጽ ለሁሉም ይታደላል። የችግሩ መግለጫ፣ መላምት፣ ናሙና፣ የመረጃ መተንተኛ ዘዴ። ቅጹ ክፉ አይደለም፤ ግን በአንዳንዶቹ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋም፣ የሒሳብ ተማሪውም፣ አንቺም እዚያው ውስጥ ግቡ ትባላላችሁ። ከዚያ አንዱ እጅጌው ያጥረዋል፣ ሌላው ወገቡ ይጠብቀዋል።

ምርምር በየትምህርት ዘርፉ መልኩ ይለያያል። የሚለያየውም ጥያቄው ስለሚለያይ ነው። ይህን በደፈናው ብነግርሽ ስለማይጠቅምሽ አንድ አካባቢ መርጬ ላሳይሽ። ዓድዋ ትሁን። በዓድዋና በዙሪያዋ ብቻ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሦስት ጥናቶች ተሠርተዋል። ሦስቱንም ዓለም አውቋቸዋል።

መጀመሪያ ወንዙን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ወደ ዓድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው የሚራባው። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ካለ በሽታው አለ። ዶክተሩ ወንዙን ሲቃኙ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ታዩ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ብሎ ወረቀት ቢጽፍ ማንም አያምነውም፤ ማመንም የለበትም። የገደላቸው የውሃው ሙቀት ቢሆንስ? ከላይ የመጣ ሌላ ነገር ቢሆንስ? ስለዚህ ነገሩ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ምን ያህል እንዶድ፣ በምን ያህል ውሃ፣ በስንት ሰዓት? አንዱ ዕቃ እንዶድ ያለው፣ ሌላው የሌለው። ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለሰ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት ወንዙ በእንዶድ ታክሞ ሕዝቡ ተመረመረ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ወሰዱ።

ይህ ጥናት ያለ ቁጥር ዋጋ የለውም። ስንት ሕፃን ተመረመረ፣ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ቀነሰ የሚለው ነፍሱ ነው። ፈታኝሽ የጠየቁሽ ጥያቄ ሁሉ እዚህ ቦታው ነው። ግን ልብ በይ፤ ነገሩን ያስጀመረው እነዚያ ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱት ዕውቀት ነው። ያንን ዕውቀት «ወሬ» ብሎ ያለፈው ሰው ቢሆን ኖሮ ቀንድ አውጣዎቹን ያያቸው ነበር ብዬ አላምንም።

ከዓድዋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ አባ ገሪማ ገዳም አለ። በገዳሙ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፉ ጥንታዊ ወንጌሎች ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሚገምቱት ፊደሉን፣ ሥዕሉንና ቀለሙን ከሌሎች መጻሕፍት ጋር እያስተያዩ ነበር። ብዙዎቹም ከአንድ ሺህ ዓመት ብዙም አይበልጡም ይሉ ነበር። በኋላ ከብራናው ላይ የተነሣች ትንሽ ቁራጭ ኦክስፎርድ ሄዳ በካርቦን 14 ተለካች። ውጤቱ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል አለ። በአንድ ጊዜ ከ500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ ወንጌሎች ሥዕል ካላቸውና ከጥንት ከተረፉ የዓለም ወንጌሎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት መካከል ናቸው።

የኬሚስትሪ ጓደኛሽ ይህን ስታነብ ደስ ይላታል። ይበላት፤ የሚገባት ደስታ ነው። ግን ወደ ነገሩ ጠጋ ብለሽ እዪው። ካርቦኑ የሚነግረን ብራና የሆነው እንስሳ መቼ እንደሞተ ነው። ቀለሙ መቼ እንደተጻፈበት አይነግረንም። ማን እንደጻፈው፣ ከየትኛው የግሪክ ቅጂ እንደተተረጎመ፣ ከየትኛው የወንጌል ቅጂ ጋር የሚዛመድ ንባብ እንዳለው አይነግረንም። ለዚያ ግዕዝ የሚያነብ፣ አንድን ቃል በአሥር ቅጂ ላይ እየተከታተለ የሚያስተያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መላምት ይዞ ላይጀምር ይችላል። ማንበብ ነው የሚጀምረው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስቢያቸው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ተመትተው አካላቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ አነበቡ። ስብስቡ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉት። የብዙዎቹን ይዘት፣ የማን እንደነበሩ፣ ጠርዙ ላይ ምን እንደተጻፈ እየመዘገቡ ካታሎግ አወጡ። የብራና ጠርዝ ስልሽ ቀላል አይምሰልሽ። የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የንጉሥ ስም የሚገኘው እዚያ ነው። የታሪክ ሰዎች ዛሬ የሚጠቀሙበት ብዙ ነገር ከዚያ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። «ናሙናዎ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም፤ ቢጠይቃቸውም መልሱ «እጄ የገባው ሁሉ» ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ጦርነቱ ራሱ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ይሄ የአንቺ ዓይነት ጥናት ስለሆነ ቆም ብለሽ ተመልከችው። አንድ ጥያቄ ብቻ ልውሰድ። የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር ከሌሎቹ የጣሊያን ጦሮች ተነጥሎ ለምን ያን ያህል ወደ ፊት ገባ? የታሪክ ሰዎች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። የጣሊያን ጦር ዋና አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ባደለው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለችው ኮረብታ ያለ ቦታዋ ተቀምጣ ነበር። አልበርቶኔ በካርታው የተባለው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛዋ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት ናት አሉት። ሄደ። ሄዶም የምኒልክ ጦር አፍ ውስጥ ገባ።

ይህን እንዴት አወቁ? ጦርነቱን ደግሞ ማካሄድ አይቻልም። ሁለት መቶ ዓድዋ የለም፤ አንድ ነው። ስለዚህ ወረቀት ፍለጋ ገቡ። የጦር ትእዛዙ አለ። ንድፍ ካርታው አለ። ባራቲየሪ አሥመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ የተናገረው አለ፤ በኋላም የራሱን ማስታወሻ አሳትሟል። አልበርቶኔ ተማርኮ ከተመለሰ በኋላ የራሱን ቃል ሰጥቷል። በእኛ በኩል የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል አለ፣ ፉከራውና ግጥሙ አለ። አሁን የታሪክ ባለሙያው ሥራ ይጀምራል። ባራቲየሪ ጥፋቱን በአልበርቶኔ ላይ ማላከክ ይጠቅመዋል። አልበርቶኔ ደግሞ ካርታውን ያወጣው አለቃዬ ነው ማለት ይጠቅመዋል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ንጉሡን ማክበር አለባቸው። ሁሉም የሚናገረው ለራሱ የሚሆነውን ነው። ሳይነጋገሩ የሚስማሙበት ነገር የቱ ነው? አንዱ ሳያስበው፣ ለራሱ በማይጠቅም መልኩ ያመለጠው ቃል የቱ ነው? እውነቱ የሚለቀመው ከዚያ ነው።

ይህ ወሬ መልቀም አይደለም፣ እህቴ። ወሬ የሚለቅም ሰው የሰማውን ይዞ ይሄዳል። አንቺ ግን የሰማሽውን ትጠረጥሪዋለሽ።

ስለ ናሙናም አንድ ነገር ልበልሽ፤ ቃሉ ያስፈራሽ ስለመሰለኝ። ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ አንድ አፅም ነበረች። እሷም ከአጥንቷ 40 በመቶ ገደማ ብቻ። «አንድ ናሙና አይበቃም» ብሎ የጣላት የለም። ያቺ አንድ አፅም የሰው ዘር አንጎሉ ከመተለቁ በፊት በሁለት እግሩ ይሄድ እንደነበር አሳየች። እርግጥ እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ብዙ ጥያቄ ይቀር ነበር። በዓመቱ እዚያው ሐዳር በአንድ ቦታ የ13 ያህል ግለሰቦች ቅሪት ተገኘና ጥናቱ ሰፋ። ስለዚህ «ስንት ይበቃል?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። የሚወስነው የምትጠይቂው ነገር ነው።

ከሉሲ ሌላም የምትማሪው አለ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የምንላት አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። አካባቢው ላይ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ በንብርብር ተቀምጧል። የአመዱ ዕድሜ በቤተ ሙከራ ይለካል። አጥንቱ ከየትኛው ንብርብር በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ዕድሜው በሁለቱ መካከል ይያዛል። አንቺም ከሽማግሌዎችሽ ጋር የምትሠሪው ይህንኑ ነው። አንድ አባት «ሱቁን የከፈትኩት በ1940 ነው» አይሉሽም። «ከማይጨው የተመለሱት ሰዎች እህል ንግድ ከጀመሩ በኋላ፣ የታኅሣሥ ግርግር ከመሆኑ በፊት» ይሉሻል። ማይጨው 1928 ነው። የታኅሣሡ ግርግር 1953 ነው። ከላይና ከታች ያዝሽው ማለት ነው። ከዚያ ታጠብቢዋለሽ። «የገዙት በምን ብር ነበር?» በያቸው። «በጠገራ» (በማሪያ ቴሬዛ ብር) ካሉ፣ ከጣሊያን በኋላ አዲሱ የወረቀት የኢትዮጵያ ብር የወጣው በ1937 ነውና ወደዚያ ይጠጋል። ግን ተጠንቀቂ፤ ጠገራ በየገጠሩ ገበያ ከዚያም በኋላ ቆይቷል። ስለዚህ ብቻውን አይበቃሽም። ሌላ ምስክር ጨምሪበት።

ሒሳቡን ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያሳያልና ላንሣው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሰው ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማረጋገጥ ከ350 ዓመት በላይ ፈጀ፤ አንድሩ ዋይልስ ማረጋገጫውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በመሐል በኮምፒውተር እስከ ብዙ ሚሊዮን ድረስ ተፈትሾ ልክ መሆኑ ታይቷል። ለሒሳብ ሰው ግን ያ ማስረጃ አይባልም። ሚሊዮን ናሙና ኬሚስትሪን ያጠግባል፤ ሒሳብን አያጠግብም። ሥራውን የሚሠራው ሰው ቁጥርም እንዲሁ በየዘርፉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በፊዚክስ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከ5 ሺህ በላይ ደራሲዎች ነበሩት፤ ከገጾቹ አብዛኛውን የያዘው የስም ዝርዝር ነበር። የአንቺን ግን ብቻሽን ትጽፊዋለሽ። ማንኛቸውም ከማንኛቸው አያንሱም።

አሁን ወደ 200ው መጠይቅ እንምጣ። በ1950 ዓ.ም. 15 ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነው። በከተማሽ ይህን ዕድሜ የደረሰና ገበያውን በዓይኑ ያየ ስንት ሰው አለ? 200 ሰው ብትመርጪ አብዛኛው ከአባቱ የሰማውን ነው የሚሞላልሽ። እሱን ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ብትከቺው የሚያምር ሠንጠረዥ ይወጣልሻል። ሠንጠረዡ ግን የሚነግርሽ ዛሬ ያለው ሰው ስለ ድሮው ገበያ ምን እንደሚያስብ ነው። እሱም ራሱን የቻለ ጥናት ነው፤ የአንቺ ጥያቄ ግን አይደለም። ጥያቄሽ «የዛሬ ነጋዴዎች ገበያው ከከተማ መውጣቱን ይደግፋሉ ወይ?» ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ «መጠይቅሽን አባዢ፣ በዘፈቀደ ምረጪ፣ ሽማግሌዎቹን ተያቸው» እልሽ ነበር።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። ያነጋገርሻቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንቺ መጠይቅ ስታባዢና ስትሰበስቢ ሦስት አራት ወር ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሁለቱ ሊያልፉ ይችላሉ። ደረሰኙን ከዓመት በኋላም ታገኚዋለሽ። እነሱን ግን አታገኚያቸውም።

እንግዲህ ዘዴው የራስሽ ይሁን ስልሽ ጥብቅ አይሁን ማለቴ እንዳይመስልሽ። የታሪክ ጥናት ሲለግም እውነትም ወሬ ይሆናል። ጓደኛሽ ያየችው እንደዚያ ያለ ጥናት ሊሆን ይችላል። «አንድ ሽማግሌ እንደነገሩኝ» ብሎ ገጽ የሚሞላ የመመረቂያ ጽሑፍ አለና። የአንቺ እንዲያ እንዳይሆን እነዚህን ነገሮች አደራ እልሻለሁ።

ሽማግሌዎችን ሰብስበሽ አንድ ላይ አትጠይቂ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዙር። አንዱ አንደበተ ርቱዕ ይናገራል፣ ሌሎቹ «አዎ፣ እሱ እንዳለው» ይላሉ። ለየብቻ ጠይቂያቸውና የሚለያዩበትን ፈልጊ። እናቶችንም ባሎቻቸው በሌሉበት አነጋግሪ። ጠላና አረቄ የሸጠች፣ ጉልት ተቀምጣ በርበሬ የቸረቸረች እናት ደረሰኝ ውስጥ የለችም። ማዘጋጃ ቤቱ አያውቃትም። እሷን የምታገኚያት በቃሏ ብቻ ነው። እሷ ከሌለች ደግሞ የገበያው ታሪክ ግማሽ ነው።

«ገበያው ድሮ እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ። «ድሮማ ጥሩ ነበር፣ ጥጋብ ነበር» የሚል መልስ ነው የምታገኚው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጫቸውና «የጨው ተራ የት ነበር? የከብቱስ? የእህሉስ? ከጨው ተራ ቀጥሎ የማን ሱቅ ነበር?» በያቸው። መሳል ባይችሉ አንቺ እየጠየቅሽ ንድፉን ሥሪላቸው። ሰው ቦታን ሲያስታውስ ሰውን ያስታውሳል፤ ሰውን ሲያስታውስ ዕዳውንና ጠቡን ያስታውሳል። የሦስት ሰዎችን ንድፍ ጎን ለጎን አስቀምጪና የት ይስማማሉ፣ የት ይጣላሉ የሚለውን እዪ። ይህን በጥናትሽ አባሪ ብታደርጊው ፈታኝሽ ራሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ቀረጥ ከፋዩን ካነጋገርሽ የቀረጥ ሰብሳቢውን ቤተሰብም ፈልጊ። ኬላ ላይ የቆመው ሰው ልጅ የሚነግርሽ ከነጋዴው ልጅ ጋር አይገጥምም። ሁለቱንም ጻፊ።

ደረሰኞቹን በደንብ መርምሪያቸው። ማኅተሙ የማን ነው? ቀኑ አለ? ገንዘቡ በምን በምን ተከፋፍሏል? «የትምህርት ግብር» የሚል ካለበት ከ1940 ወዲህ ነው ማለት ነው። ቀን ባይኖረውም ይህ ይረዳሻል። እያንዳንዱን ፎቶ አንሺ። በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንዳየሽው፣ መቼ እንዳነሣሽው መዝግቢ። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄደሽ የጠቅላይ ግዛቱን ፋይል ብታዪ፣ ስድስት ኪሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ስለ ሌሎች ከተሞች የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶችን ብታነቢ ትጠቀሚያለሽ። የታሪክ ጥናቶች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ተያይዞ ታገኛለሽ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን። ያ ዝርዝር የአንቺ ቤተ ሙከራ መዝገብ ነው። ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ «እውነት ብላለች?» ቢል እሱን ይዞ ይከተልሻል፣ ከተሳሳትሽም ይይዝሻል። መያዝ መቻልሽ ነው ሥራሽን ምርምር የሚያደርገው። የዶክተር አክሊሉም እንዶድ፣ የገሪማም ብራና በዚህ በኩል አንድ ናቸው።

ስንት ሰው ላነጋግር ካልሽ፣ አዲስ የምታነጋግሪያቸው ሰዎች አዲስ ነገር መንገር እስኪያቆሙ ድረስ ነው። ግን ከሁሉም ወገን መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ። ከአንድ ሰፈር 30 ሰው ከምታነጋግሪ ከአምስት ዓይነት ሕይወት 15 ሰው ይሻላል።

ፈታኝሽን እንደ ጠላት አትያቸው። እሳቸው በለመዱት ቋንቋ የጠየቁሽ ጥያቄ ውስጥ አንድ ትክክለኛ ነገር አለ። «ስህተት ብትሆኚ በምን ታውቂያለሽ?» ነው ያሉሽ። ለዚያ መልስ አለሽ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲህ በያቸው፦ «መምህር፣ ጥናቴ ስለ ብዙ ሰው አማካይ አስተያየት አይደለም፤ በአንድ ቦታ በአንድ ዘመን ስለሆነ ነገር ነው። ስለዚህ በመላምት ፈንታ የሚመሩኝ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በናሙና ፈንታ ምንጮቼን ከነጋዴ፣ ከቀረጥ ሰብሳቢ፣ ከባለ ርስትና ከጉልት ቸርቻሪ ቤተሰብ መርጫለሁ። ትንተናዬ የቃል መረጃውን ከደረሰኝና ከማዘጋጃ ቤት ፋይል ጋር ማስተያየት ነው። የማይገጥሙበትን ቦታ አልደብቅም፤ እጽፈዋለሁ።» በቅጹም ላይ ርዕሶቹን ሳትሰርዢ በእያንዳንዳቸው ሥር ይህንኑ ሙይ። ይህን የሰማ አስተማሪ የሚቃወምሽ አይመስለኝም።

አማካሪሽ «እንደሚመችሽ» ማለታቸው አይበቃም። በደንብ ከተጠየቁ ግን ይረዱሻል ብዬ አስባለሁ። የዘዴ ምዕራፍሽን በሁለት ገጽ ጽፈሽ ውሰጂላቸውና «አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ እዚህ ላይ ይቆሙልኝ» በያቸው። ባዶ እጅ ሄዶ ምክር ከመጠየቅ ወረቀት ይዞ መሄድ ይሻላል። በፈታኞቹ ፊት ስለ ዘዴሽ መናገር ያለባቸው እሳቸውም ናቸው።

ጓደኛሽን ደግሞ አንድ ቀን ቤተ ሙከራዋ ድረስ ሄደሽ ጠይቂያት። አንድን ልኬት ለምን ሦስት ጊዜ ትደግሚዋለሽ በያት። ምንም ያልተጨመረበትን ናሙና ለምን አብረሽ ትለኪያለሽ በያት። ከዚያ አንቺ ከሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ቃል የሰማሽበትን አንድ ቀን ንገሪያት፣ ማስታወሻ ደብተርሽንም አሳያት። ተናደሽ ከምትከራከሪያት ይህ ይሻላል። እሷም ነገ የአንድ መንደር ውሃ ለምን እንደተበከለ ማጥናት ሲኖርባት፣ ፋብሪካው ወይም ቆዳ ፋቂው መቼ እንደመጣ የሚነግራት ሰው መፈለጓ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ ቅደም ተከተሉን አትርሺ። በዚህ ሳምንት አማካሪሽን አስፈቅጂና ከሁሉም በዕድሜ የገፉትን መጀመሪያ አነጋግሪ። ለምን እንደምትጠይቂያቸው ንገሪያቸው፣ ድምፃቸውን ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቂ። ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ሂጂ፣ የቀዳሽውንም ዕለቱኑ ሌላ ቦታ ገልብጪው። ከወር በኋላ ደግሞ ተመልሰሽ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂያቸው። ምን እንደተለወጠ ጻፊልኝ።